የመርከቧ ቀይ ሆድ

[ሳሎን። የምግብ ጠረጴዛው ጋዜጣ ተነጥፎበታል። በላዩ ላይ ቀለም የያዙ የጠርሙስ ክዳኖች፣ ስቴኪኒ፣ የክብሪት ቀፎ፣ ጥጥ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና የስፌት ክር ተበትነዋል። መሀል ላይ ክንድ የምታህል የሞዴል መርከብ ከሶፍትና ከኮላ በተሠራ ሰማያዊ ባሕር ላይ ተጣብቃለች። የቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ «ኢንጂነር» የሚለው፣ ትንፋሹን ይዞ በስቴኪኒ ጫፍ ነጭ አረፋ ይነጥባል። የሚስቱ ወንድም፣ ቤተሰቡ «አይቸኩሌ» የሚለው፣ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው በካልሲ ነው። ጭኑ ላይ በመጋዝ የተቆረጠውን የመርከቧን ቀይ የታችኛ ግማሽ አስቀምጧል።]

አይቸኩሌ፦ እና ለአባባ ግማሽ መርከብ ልትሰጣቸው ነው?

ኢንጂነር፦ ግማሽ አይደለችም አልኩህ። ሙሉ ናት። የቀረው ውኃ ውስጥ ነው።

አይቸኩሌ፦ ውኃ ውስጥ የለም። እኔ ጋ ነው ያለው።

ኢንጂነር፦ እሱን አይደል እንዴ ታች ወርደህ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣል ያልኩህ? ከቅድም ጀምሮ?

አይቸኩሌ፦ ልሄድ ነው እኮ። ጫማዬን እያደረግሁ ነው።

ኢንጂነር፦ ጫማ ለማድረግ ይህን ያህል ጊዜ?

አይቸኩሌ፦ አንዱን ጨርሻለሁ። ወደ ሁለተኛው ስሻገር «ና ይህን አረፋ እይልኝ» ብለህ ጠራኸኝ።

ኢንጂነር፦ [ፊቱ ፈካ ብሎ] አየኸው አይደል? መርከብ ውኃ ስትሰነጥቅ አረፋው ካፍንጫዋ ግራና ቀኝ እንደ ጢም ነው የሚወጣው። ያላወቀ ሰው ዙሪያዋን ነጭ ቀብቶ ይተዋል።

አይቸኩሌ፦ እኔ የጥርስ ሳሙና የፈሰሰባት መስሎኝ ነበር።

ኢንጂነር፦ ካንተ ጋ ነገር ማውራት ጥርስ ለሌለው አጥንት ማቅረብ ነው። ተነስ፣ ጣለው። አባባ አሁን ይደርሳሉ። እህትህ ልታመጣቸው ከወጣች ቆየች።

አይቸኩሌ፦ እሺ። [ሁለተኛውን ጫማ ያነሣል፤ ያስቀምጠዋል] ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ኢንጂነር፦ ቶሎ በል።

አይቸኩሌ፦ ደህና የነበረ መርከብ ለምን በመጋዝ ቆረጥከው?

ኢንጂነር፦ [ስቴኪኒውን አስቀምጦ ይዞራል] ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች የመርከብ ሞዴል የቆመች አስመስለው አይሠሩም፤ ባሕር ላይ የምትሄድ አስመስለው ነው የሚሠሩት። ባሕር ላይ ስትሄድ ደግሞ ሆዷ አይታይም። ሰውስ ፊቱን እንጂ ሆዱን ገልጦ ያሳያል እንዴ?

አይቸኩሌ፦ ሐኪም ቤት ከሆነ ያሳያል።

ኢንጂነር፦ ሁለተኛ፣ ሆዷን እንድትቀባ ለማን ሰጠሁት? ላንተ። ማንም የማያየው ቦታ ነው፣ ቢያበላሽም ግድ የለም ብዬ። እስቲ ገልብጠህ እየው። ገልብጠው እንጂ።

አይቸኩሌ፦ [ቀስ ብሎ ይገለብጠዋል] አየሁት።

ኢንጂነር፦ ያ ሁሉ መሀል ለመሀል የተደረደረ፣ ቀለም ያልነካው አራት ማዕዘን ምንድን ነው? ብል የበላው ልብስ ይመስላል።

አይቸኩሌ፦ እሱማ የክብሪት ቀፎዎቹ ያሉበት ነው።

ኢንጂነር፦ የምን የክብሪት ቀፎ?

አይቸኩሌ፦ ጠረጴዛው ቀለም እንዳይነካው ቀፎ ደርድሬ እላዩ ላይ አቆምኳታ። ከዚያ ዙሪያዋን ቀባሁ። ቀፎው ያለበት ብሩሽ አላስገባ አለኝ።

ኢንጂነር፦ ገልብጠህ አትቀባም ነበር?

አይቸኩሌ፦ መርከብ ገልብጥ ትለኛለህ?

ኢንጂነር፦ ሞዴል ነው እኮ፣ አንተ ሰው።

አይቸኩሌ፦ ቢሆንስ። ለአባባ የሚሰጥ መርከብ ከመነሻው ተገልብጦ ደስ ይላል? አሁንም አንተ ገልብጥ ስላልከኝ ነው እንጂ።

ኢንጂነር፦ [ወደ ጣሪያው እያየ] ይሁን። ጥፋትህን ባሕር ሸፍኖልሃል። አሁን ስማኝ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። እናታችሁ ካረፉ ወዲህ አባባ ብቻቸውን ናቸው። ባለፈው ድስት እሳት ላይ ረስተው ጎረቤት ነው የደረሰላቸው። እህትህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። የኋላውን ክፍል አዘጋጅታ፣ አልጋውን አንጥፋ ትጠብቃለች። እሳቸውስ?

አይቸኩሌ፦ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ይላሉ።

ኢንጂነር፦ ኮፍያቸውን?

አይቸኩሌ፦ አያወልቁም።

ኢንጂነር፦ ሻዩን?

አይቸኩሌ፦ ሳይቀዘቅዝ ፉት ብለው «እንግዲህ ልሂድ» ይላሉ።

ኢንጂነር፦ ለምን? እዚህ ቤት ውስጥ የእኔ ነው የሚሉት ነገር የለማ። እንግዳ ሆነው መጥተው እንግዳ ሆነው ይሄዳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደብ ላይ ሠርተዋል። ይቺን መርከብ ሲያዩ ልባቸው ይከፈታል። አንድ ጊዜ ኮፍያቸውን ያውልቁ እንጂ፣ የቀረውን ለእኔ ተወው። ኮፍያ ያወለቀ ሰው ይቀመጣል። የተቀመጠ ያድራል። ያደረ ይኖራል።

አይቸኩሌ፦ አባባ እኮ ወደብ ላይ የሚሠሩት...

ኢንጂነር፦ [እጁን ያነሣል] አትንገረኝ። እኔ ከምልክቱ ተነስቼ እደርስበታለሁ። ኢንጂነር ያለ ነገር አልተባልኩም።

አይቸኩሌ፦ የጎረቤታችንን የባልቴቷን ሬዲዮ ጠግነህ ምድጃ ሲሆን አይደል ያን ስም ያወጡልህ?

ኢንጂነር፦ ሞቋቸዋል፤ አላማረሩም። ይልቅ መልስልኝ። አባባ አንገታቸውን ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚያሹት?

አይቸኩሌ፦ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ አንጋጠው ስለሚውሉ ነዋ። ቤት ሲገቡ እናታችን በቅባት ታሽላቸው ነበር።

ኢንጂነር፦ [ጠረጴዛውን ይመታል] ምሰሶ!

አይቸኩሌ፦ ምን?

ኢንጂነር፦ ምሰሶው ላይ ያለውን ባንዲራና መብራት የሚቆጣጠሩ ነበሩ ማለት ነው። ቀላል ሥራ መሰለህ? እኔስ ይቺን ምሰሶ ከመርፌ አቅጥኜ፣ ክሩን በሰም አሽቼ የወጠርኩት ለምን ይመስልሃል? ልቤ ነግሮኛል።

አይቸኩሌ፦ አይ፣ አባባ እንኳ...

ኢንጂነር፦ ሌላ ምልክት። ልብሳቸውስ?

አይቸኩሌ፦ ልብሳቸው ቀይ ቀለም ነበረው። ፀጉራቸውም፣ ቅንድባቸውም። ልጅ ሆኜ አባት ሁሉ ቅንድቡ ቀይ ይመስለኝ ነበር።

ኢንጂነር፦ [ወደ መርከቧ ይዞራል፤ ፊቱ ይለወጣል] ቀይ? እንዴት እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?

አይቸኩሌ፦ አትንገረኝ አልክ።

ኢንጂነር፦ የጭስ ማውጫዋ ቀይ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጥቁር ቀብቻታለሁ። አምጣ ያን ክዳን። እሱን አይደለም፣ ቀዩን። [በችኮላ የጭስ ማውጫውን ይቀባል፤ ጥቁሩ ገና ስላልደረቀ ቀለሙ ይደባለቃል] ምን ሆነ ይሄ?

አይቸኩሌ፦ የጉበት ቀለም ሆነ።

ኢንጂነር፦ ዝገት ነው። ዝገት ሆን ተብሎ ይሠራል። ሞዴል ላይ ዝገት ማሳየት ትልቅ ጥበብ ነው።

አይቸኩሌ፦ ጥቁሩስ ምን አጠፋ?

ኢንጂነር፦ አንተ ጫማህን አድርግ።

አይቸኩሌ፦ [ጫማውን ያነሣል] ዛጎልም ያመጡልን ነበር።

ኢንጂነር፦ [ብሩሹን አንጠልጥሎ] ምን ዓይነት ዛጎል?

አይቸኩሌ፦ ትንንሽ፣ ነጭ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ። ኪሳቸው ሙሉ። እህቴ በክር እየሰካች አንገቷ ላይ ታደርገው ነበር። ይሸታል ግን።

ኢንጂነር፦ እንግዲህ በቃ። ሩቅ ሩቅ አገር ደርሰዋል። መርከቧ አንድ ዳርቻ ስትቆም ይወርዳሉ፣ አሸዋው ላይ ይንሸራሸራሉ፣ ልጆቻቸው ትዝ ይሏቸዋል፣ ጎንበስ ብለው ዛጎል ይለቅማሉ። እንዲህ ያለ ሰው ነው አሁን የእኛን ሻይ ጨርሶ «ልሂድ» የሚለው።

አይቸኩሌ፦ ማታ ማታ ቤት ነበሩ እኮ።

ኢንጂነር፦ የትኛው ማታ?

አይቸኩሌ፦ ሁሉም ማታ።

ኢንጂነር፦ ልጅ ነበርክ። ልጅ ይረሳል።

አይቸኩሌ፦ ደግሞ ባሕር አይወዱም። አንድ ጊዜ ሐይቅ ዳር ወስደናቸው ጀልባዋ ገና ሳትንቀሳቀስ አጥወለወላቸው።

ኢንጂነር፦ ትሕትና ነው። ትልቅ መርከብ የለመደ ሰው ትንሽ ጀልባ አይስማማውም። አልጋ ለለመደ መደብ እንደማለት ነው። ፀሐይስ? ፊታቸው ለምን አልጠቆረም?

አይቸኩሌ፦ ፀሐይ የት አግኝተው? «እኛ የምንውለው ጥላ ውስጥ ነው» ይሉ ነበር።

ኢንጂነር፦ [ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] አይቸኩሌ።

አይቸኩሌ፦ አቤት።

ኢንጂነር፦ መርከብ ላይ ጥላ ያለው የት ነው?

አይቸኩሌ፦ እኔ እንጃ።

ኢንጂነር፦ መሪው ያለበት ክፍል። ከላይ። ሁሉም ፀሐይ ላይ ሲነድ ጥላ ውስጥ የሚቆም አንድ ሰው ብቻ ነው። አባትህ ካፒቴን ነበሩ።

አይቸኩሌ፦ አባባ?

ኢንጂነር፦ አንተ ልጃቸው ሆነህ አታውቅም። እኔ አማች ሆኜ ደረስኩበት። [ከክዳን ውስጥ በወረንጦ የሩዝ ፍሬ የምታህል የሰው ምስል ያወጣል] እይ። ትናንት ነጭ ኮፍያ ቀባሁላት። አሁን መሪው ክፍል ፊት ለፊት አቆማታለሁ። [በአንድ ነጥብ ኮላ ያቆማታል] ይኸው አባባ።

አይቸኩሌ፦ አንገታቸው ቀጥ ብሏል። የአባባ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው።

ኢንጂነር፦ በዚህ ትንሽነት አንገት አይታይም። [አይቸኩሌን ያየዋል] አንተ እስካሁን ተቀምጠሃል?

አይቸኩሌ፦ ስትጠይቀኝ ልመልስ ወይስ ጫማ ላድርግ? ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም።

ኢንጂነር፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። አንተን እንቁላሉም ጥሎህ ሄዷል። ያን ቁራጭ አባባ ካዩት መርከቧ ጎደሎ ትመስላቸዋለች። ልፋቴ ሁሉ ገደል ይገባል። ተነስ።

[በሩ ይንኳኳል። ሁለቱም ይደርቃሉ። አይቸኩሌ ቀዩን ግማሽ ከኋላው ይደብቃል። በሩ ተከፍቶ አባባ ይገባሉ፤ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው አድርገዋል።]

አባባ፦ እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆች?

ኢንጂነር፦ ይግቡ፣ ይግቡ አባባ። ብቻዎን?

አባባ፦ ልጄን ጎረቤት ደረጃው ላይ ይዛ አስቀረቻት። ትመጣለች። [በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ] እኔም አልቆይም።

ኢንጂነር፦ [ወንበራቸውን ከነእሳቸው ወደ ጠረጴዛው እያስጠጋ] ከመሄድዎ በፊት ይቺን ይዩልኝ። ለእርስዎ የሠራኋት ናት። መርከብዎ።

አባባ፦ የእኔ መርከብ?

ኢንጂነር፦ አረፋውን ይመልከቱ። ምሰሶውን ይመልከቱ። የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ዝገት ነው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ።

አባባ፦ [ረጋ ብለው ያያሉ] ቆንጆ ናት። ብዙ ለፍተህባታል። [በስቴኪኒ ጫፍ ያመለክታሉ] እዚህ ላይ የቆመው ማነው?

ኢንጂነር፦ [ፈገግ ብሎ] እርስዎ ነዎት።

አባባ፦ እኔ እዚያ ምን ልሠራ ወጣሁ?

ኢንጂነር፦ መርከቧን ሊመሩ።

አባባ፦ [ወደ አይቸኩሌ ዞረው] ይሄ ሰው ደህና ነው? [ወደ ኢንጂነር] ልጄ፣ እኔ እዚያ ላይ የወጣሁት አንድ ቀን ነው። መልእክት ላደርስ። መርከቧ ታስራ ቆማ ሳለ አስመለሰኝ።

[አባባ በዝግታ ጎንበስ ይላሉ። ጉንጫቸውን ጠረጴዛው ላይ ሊያስነኩ እስኪደርሱ ዝቅ ብለው በባሕሩ ጠርዝ ሥር ያያሉ። በሌላኛው ጎን ዞረው እንደገና ያያሉ።]

አባባ፦ ታቹስ?

ኢንጂነር፦ ውኃ ውስጥ ነው፣ አባባ።

አባባ፦ ውኃ ውስጥ ከሆነ እኔ ምኗን ልይ? [ቀና ይላሉ፤ አንገታቸውን ያሻሉ] እጅህ ይባረክ። እንግዲህ ልሂድ።

ኢንጂነር፦ አባባ፣ ይቆዩ። ኧረ ይቀመጡ። [ስቴኪኒውን ይሰብራል] እሺ፣ ወደብ ላይ ምን ነበር የሚሠሩት?

[አባባ ግማሽ እንደተነሡ ይቆማሉ። ረጅም ጊዜ ያዩታል። ከዚያ ይቀመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ወንበሩ ጫፍ ላይ አይደለም።]

አባባ፦ ልጄን ካገባህ ጀምሮ እዚህ ቤት እመጣለሁ። ስትነግረኝ ኖርክ። ስትጠይቀኝ ዛሬ የመጀመሪያህ ነው።

ኢንጂነር፦ [ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ] አሁን ጠየቅሁ።

አባባ፦ ትልቅ ገንዳ አለ። መርከቧን ያስገቧታል፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ውኃውን ያወጡታል። ስትደርቅ በእንጨት ድጋፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ያን ጊዜ እኛ ከሥሯ እንገባለን። ተንጋለን ዛጎሉን ከሆዷ እንፍቃለን፣ ታጥቦ ሲደርቅ ቀይ ቀለም እንቀባለን። ስንጨርስ ውኃው ይለቀቃል፣ እኛ እንወጣለን፣ እሷ ትሄዳለች። ባሕር ላይ ምን እንደምትመስል እኔ ምን አውቄ። ሆዷን ነው የማውቀው።

ኢንጂነር፦ [ቀስ ብሎ ወደ አይቸኩሌ ይዞራል] አንተ ይህን ታውቅ ነበር?

አይቸኩሌ፦ ቀይ ቅንድብ፣ ዛጎል፣ አንገት፣ ጥላ። ምን የቀረኝ አለ? አንተ ሁሉን ታውቃለህ ብዬ ነው።

ኢንጂነር፦ [በሹክሹክታ] እኔ እኮ ሆዷን በመጋዝ...

አይቸኩሌ፦ አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። [ቀዩን ግማሽ ከኋላው ያወጣል] ይህን ቆሻሻ ልጥል እየሄድኩ ነበር።

[አባባ ይቀበሉታል። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከራሳቸው በላይ ያነሡታል። አንገታቸው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ድሮም ቦታው እዚያ የነበረ ይመስል። ከሥር ሆነው ያዩታል።]

አባባ፦ ይህን የቀባ ማነው?

ኢንጂነር፦ [ፈጥኖ] እሱ ነው፣ አባባ። እኔ አልነበርኩበትም።

አባባ፦ እነዚህን መሀል ለመሀል ያሉትን፣ ያልተቀቡትን የተዋቸውም እሱ ነው?

ኢንጂነር፦ እሱ ነው አልኩዎት እኮ። ገልብጠህ ቀባ ብዬ ለምኜዋለሁ።

አባባ፦ መርከብ ይገለበጣል እንዴ? [በጣታቸው አራት ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ይዳስሳሉ] ድጋፎቹ ያረፉባቸው ናቸው። እዚያ ብሩሽ አይገባም። በሚቀጥለው ስትመለስ ድጋፉን ፈንጠር አድርገን እናቆማትና ያለፈው የቀረውን እንቀባለን፤ ሌላ ይቀራል። ስንቱን መርከብ እንደዚህ ልጥፍልጥፍ አድርጌ ሸኘሁ። ላዩን ያየ ሰው አያውቅም። [ድምፃቸው ሳሳ ብሎ] ይቺስ የእኔው ናት።

ኢንጂነር፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] አብረን ነው የቀባነው፣ አባባ።

አይቸኩሌ፦ አብረን ነው። እኔ ስቀባ እሱ ይሳደብ ነበር።

አባባ፦ ሁልጊዜም አንድ ተሳዳቢ አይጠፋም። ያኔም ነበረ። [ሩዝ የምታህለውን ሰው በጥፍራቸው ከላይ ያነሷታል፤ ኮላዋ ገና አልደረቀም። ቀዩን ግማሽ በሁለት የክብሪት ቀፎ ላይ አቁመው ትንሿን ሰው ከሥሩ በጀርባዋ ያስተኟታል] እንዲህ። አሁን ቦታዬ ገባሁ። ክፍሉ የኋላው ነው ያለችኝ ልጄ?

ኢንጂነር፦ [ትንፋሹን ይዞ] የኋላው ነው፣ አባባ።

አባባ፦ መስኮት አለው?

ኢንጂነር፦ መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ... [ምላሱን ይይዛል] ፀሐይ ይወዳሉ?

አባባ፦ አሁንማ እወዳለሁ። ጥላውን ጠግቤዋለሁ። [ይነሣሉ። ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። የሚያስቀምጡበት ዞር ዞር ብለው ያያሉ፤ ከመርከቧ ምሰሶ የተሻለ አያገኙም። ምሰሶው ላይ ያንጠለጥሉታል። ምሰሶው ቀስ ብሎ ይጎብጣል፤ በሰም የታሸው ክር ጧ ይላል] ይህን ይዤ ገብቼ ክፍሉን ልየው። [ቀዩን ግማሽ ታቅፈው፣ ትንሿን ሰው በመዳፋቸው ጨብጠው ወደ ውስጥ ይገባሉ።]

[ኢንጂነር የጎበጠውን ምሰሶ ያያል። እጁን ዘርግቶ ይመልሰዋል። ኮፍያውን አይነካም።]

ኢንጂነር፦ አወለቁ።

አይቸኩሌ፦ አወለቁ።

ኢንጂነር፦ አንተ ግን ጣል ስልህ ለምን አልጣልከውም?

አይቸኩሌ፦ መች ፋታ ሰጠኸኝ? ዝም ብትለኝ ኖሮ ይሄኔ ጥዬው ነበር።

ኢንጂነር፦ እሺ። ኮፍያውን ሲያነሡ ይሄን የላዩን ወስደህ ጣልልኝ። ከነባሕሩ።

አይቸኩሌ፦ እሺ። ጫማዬን ላድርግ።

[ያደረገውን አንዱን ጫማ አውልቆ ሁለቱን ጎን ለጎን ዱካው ሥር ያስቀምጣል፤ እግሩን ዘርግቶ ይደገፋል።]